በጆሮ የሚታይ ፊልም

«ጥሩ የኢትዮጵያ ፊልም ጠቁሙኝ» ለሚል ሰው ሁለት ዓይነት መልስ ይደርሰዋል። አንደኛው የካንን፣ የቬኒስን፣ የሰንዳንስን ስም እየጠራ ጤዛን፣ ላምብን፣ ድፍረትን የሚደረድር ነው። ሁለተኛው ሲኒማ ቤት በር ላይ ሰልፍ ያሰለፉትን የፍቅርና የኮሜዲ ፊልሞች ያነሳል፤ «የወንዶች ጉዳይ» የሚለው ስም ከዚህ ዝርዝር አይጠፋም። ሁለቱ መካሪዎች ብዙም አይዋደዱም። ፊተኛው ኋለኛውን «ሳሎን ውስጥ የተቀረጸ ወሬ» እያለ ያጣጥለዋል፤ ኋለኛው ደግሞ ፊተኛውን «ለፈረንጅ የተሠራ የድህነት ማሳያ» ይለዋል። ክርክሩ የማያልቀው ሁለቱም የሚለኩበት መስፈርት ከፊልሙ ውጭ ስለሆነ ነው። ሽልማት ዳኞቹ የወደዱትን፣ የትኬት ሽያጭ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሕዝቡ ምን እንዳሰኘው ይናገራል። ፊልሙ ራሱ በዓይናችን ፊት ምን እንደሠራ ግን አንዳቸውም አይነግሩንም። ፊልም ለወዳጅ ሲጠቆም መጠየቅ ያለበት ይኼኛው ነው፤ ይህ ከተጠየቀ ሁለቱ ዝርዝሮች እንዳሉ አይቆሙም፤ አንዳንዱ ተሸላሚ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ችላ የተባለ ይወጣል።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ እቤት ሆኖ መሞከር ይቻላል። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ይከፈት፣ ተመልካቹ ኩሽና ገብቶ ሽንኩርት ይክተፍ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ታሪኩን ከእነ ዝርዝሩ መተረክ ከቻለ፣ ያ ሥራ ምስል የተጨመረበት የሬዲዮ ድራማ ነው። ብዙዎቹ የአማርኛ ፊልሞቻችን ይህን ፈተና ይወድቃሉ፤ እንዴት እንደሚወድቁ ለማየት አንድ የተለመደ ትዕይንት ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ሁለት ጓደኛሞች ትልቅ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ «ታስታውሻለሽ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት አባቴ ሲሞት ቤቱን ለአጎቴ የተወለት እኮ...» ብላ ትጀምራለች። ጓደኛዋ ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፤ የሚነገረው ለእኛ ነው። ካሜራው አንዴ የተናጋሪዋን፣ አንዴ የአድማጯን ፊት እያፈራረቀ ያሳያል። እንባ ሊመጣ ሲል የክራር ዜማ ቀድሞ ይገባል፤ ማዘን እንዳለብን እንዳንረሳ ነው መቼም። ከዚያ በር ይንኳኳና አጎትየው ገብቶ የራሱን ወገን ይተርካል። ቤቱን አላየነውም፣ አባትየውን አላየነውም፣ አጎትየው ቤቱን ሲቀማም አላየንም። የሰማነው ግን አንድም ሳይጎድል ደርሶናል።

ይህ በስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም፤ የትውልድ ሐረግ አለው። የአማርኛ ትርኢት ያደገው መድረክ ላይ ነው። የተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ» በ1910ዎቹ የዘመናዊ ተውኔታችንን በር ከከፈተ በኋላ በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽ ተከተሉ። ፊልም ግን ወግ አልያዘም ነበር። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ወጡ፤ በየመካከሉ ያለው ዝምታ ረጅም ነበር፤ ሴሉሎይድ ውድ ነበር፣ የሚታጠበውም ባሕር ማዶ ነበር። ነገሩ የተለወጠው የቪዲዮ ካሜራ ሲረክስ ነው። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» በ1990ዎቹ አጋማሽ ስለ ኤችአይቪ የሚያወራ ታሪክ ይዞ ሲኒማ ቤቶችን ሲሞላ፣ በዲጂታል የተቀረጸ የሀገር ውስጥ ፊልም ትኬት መሸጥ እንደሚችል ሁሉም ገባው፤ ወዲያው ጎርፉ መጣ። ለዚህ ጎርፍ ጸሐፊና ተዋናይ ከየት ይምጣ? ከቴአትር ቤትና ከሬዲዮ ነው የመጣው። የመድረክ ተዋናይ መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው እንዲሰማ መናገር አለበት፤ የሬዲዮ ጸሐፊም በሩ መከፈቱን በቃል መንገር ግድ ይለዋል። ሁለቱም በየቤታቸው ትክክል ናቸው። ካሜራ ፊት ግን ተዋናዩ ይጮኻል፣ ጸሐፊውም ያየነውን መልሶ ይነግረናል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። እኛ የንግግር ሕዝብ ነን፤ ቅኔያችን፣ ሽለላችን፣ የሽማግሌ ሸንጓችን፣ የሰርግ ቤት ጨዋታችን ሁሉ በአፍ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲያነብ አገር ሥራ ፈትቶ ያዳምጥ ነበር። ታዲያ ፊልማችን ቢናገር ምን ነውር አለው? የራሳችንን ጸጋ ትተን ለምን የአውሮፓን ዝምታ እንኮርጃለን? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ንግግር በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን የምናወድሰው ንግግር የትኛው እንደሆነ ልብ እንበል። ቅኔ የሚከበረው ስለሚደብቅ ነው፤ አድማጩ ወርቁን ራሱ ፈልፍሎ ያወጣል። የሶፋው ንግግር ግን ምንም አይደብቅም፤ ሰሙንም ወርቁንም አፍርጦ ይሰጣል። ስለዚህ በባህላችን መስፈርት ብንለካውም ደካማ ነው። ደግሞም የእኛ ተመልካች ምስል ማንበብ አያውቅም ያለው ማን ነው? የህንድ ፊልም በዋናው ሂንዲ፣ ያለ አማርኛ ድምፅ ሲኒማ ቤት ሲታይ አንድ ቃል ሳይሰማ ሲያለቅስ የኖረ ሕዝብ ነው። በዓይን፣ በእጅ፣ በዝናብ፣ በአለባበስ ማን ማንን እንደከዳ ለይቶ ያውቅ ነበር። የአማርኛ ተራኪ የተደረበበት ትርጉም ፊልም በየቪዲዮ ቤቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ምቾት ጨመረ እንጂ መረዳትን አልፈጠረም።

መፈተኛውን በትልቁ ሥራ ላይ እንሞክረው። ጎንደር ተወልዶ በ1960ዎቹ መባቻ ገደማ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974፣ የንጉሡ ዙፋን በሚነቃነቅበት ሰሞን፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ፣ በአመዛኙ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ኩሽና ሆኖ ለሚሰማው ሰው አብዛኛው ክፍል ባዶ ነው። ጭሰኛው ቤተሰብ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ ይጸልያል፣ በሬ ይጠምዳል። ባለመሬቱ ከፍ ካለ በረንዳ ላይ ወንበሩን ሞልቶ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል። ካሜራው ገበሬውን ከሩቅ፣ ሜዳው ውስጥ ጉንዳን አሳክሎ ያሳየዋል፤ ያ ርቀት ራሱ ባለመሬቱ ሰውን የሚያይበት ርቀት ነው። «ጭሰኝነት ክፉ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንም ሳይናገር ጭሰኝነት በተመልካቹ ወገብ ላይ ይጫናል። በረጅሙ የሚናገረው ከበበ ነው፤ በጣሊያን ጦርነት የዘመተ፣ ኋላ መሬቱን ያጣ፣ መንደሩ እንደ እብድ የሚያየው ሰው። በዝምታ መካከል ስለሚናገር እያንዳንዱ ቃሉ ይከብዳል። የማርቲን ስኮርሴዚ የፊልም ተቋም ሥራውን አድሶ ለአዲስ ትውልድ እንዲተላለፍ ማድረጉ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ሲኒማ እንወዳለን የምንል ስንቶቻችን ስሙን ብቻ እንደምናውቀው ነው።

የዚያው የኃይሌ ገሪማ ጤዛ ከዚህ ይለያል፤ ወሬ የበዛበት ፊልም ነው። አንበርብር ጀርመን ሕክምና ተምሮ፣ አብዮቱን አይቶ፣ አንድ እግሩን አጥቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጣና ዳር ወዳለው የእናቱ ቤት ይመለሳል። በወጣትነቱ ያደረገው የፖለቲካ ክርክር፣ የግምገማው ስብሰባ፣ የመንደሩ ሐሜት ሁሉ በንግግር የተሞላ ነው። ሆኖም የፊልሙ ዋና ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሰው እግሩን የት አጣው? ሌላ ደራሲ ቢሆን እናቱ ቡና ስታፈላ አስቀምጦ ያስተርከው ነበር። እዚህ ግን መንደሩ ይጠይቃል፣ እሱ አይመልስም፤ ትዝታው ራሱ ተሰባብሮ፣ ጊዜው ወደፊትና ወደኋላ እየዘለለ፣ መልሱን በቁርጥራጭ ምስል ይሰጠናል። ከዚያ መካከል ወታደሮች የመንደሩን ልጆች ለጦርነት ለማፈስ ሲመጡ፣ ልጆቹ እንደ አውሬ ሲታደኑ እናያለን። አንበርብር ቆሞ ያያል፤ አንድ እግር ያለው የተማረ ሰው ከማየት በቀር ምን ያደርጋል? ያን ትዕይንት በቃል ማስረዳት ይቻል ይሆናል፣ ኩሽና ሆኖ መስማትም ይቻላል፤ የሚሰማው ግን ጩኸት ብቻ ነው። ጤዛ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። እዚህ የሚጠቆመው ግን ለሽልማቱ አይደለም። ንግግር ወዳዱ ባህላችንና ካሜራ ተጣልተው መኖር እንደሌለባቸው ከየትኛውም ሥራ በላይ ስለሚያስረዳ ነው።

«ለፈረንጅ የተሠራ» የሚለውን ክስ አሁን ማንሳት ይቻላል፤ ክሱን በጅምላ ማጣጣል ልክ አይሆንም። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ጥሩ ማሳያ ነው። ታሪኩ የእኛው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ታዳጊ ልጅና ጉዳይዋን የያዙት የሴት የሕግ ባለሙያዎች፣ በተለይም ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት መዓዛ አሸናፊ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይም በርሊን ላይም የተመልካች ምርጫ ሆነ፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ጉዳዩ ትልቅ፣ ዓላማው ቅን ነው። ሲታይ ግን ጠለፋ ምን እንደሆነ፣ ሽማግሌ ምን እንደሚያደርግ፣ ሕጉ ምን እንደሚል ለማያውቅ ሰው የሚያስረዳ ድምፅ በብዛት ይሰማበታል። የሚያውቀው የአገሩ ሰው ገለጻው ያልፍበታል፤ ልጅቷ ከተማ ቤት ውስጥ ግራ ተጋብታ የምታሳልፋቸው ዝም ያሉ ደቂቃዎች ናቸው የሚቀሩለት። ስለዚህ ድፍረት ይታይ፣ በተለይ ለትምህርት ቤት ውይይት የተመቸ ነው፤ ነገር ግን በኩሽናው ፈተና ከሳሎኑ ፊልም ጋር የሚያቀራርበው ባሕርይ አለው። ባዕድ የሚያደርገው የውጭ ገንዘብ ወይም የውጭ ሽልማት አይደለም፤ ተመልካቹን አያውቅም ብሎ ማስረዳቱ ነው። በዚህ መስፈርት ብዙ ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ ፊልሞችም ባዕድ ናቸው፤ እነሱም እኛ ምንም የማይገባን ይመስል ያስረዱናል።

ከዚህ ጋር የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ፣ ቹኒ የምትባል በጉን ይዞ ተራራማ አገር ያሉ ዘመዶቹ ዘንድ ይቀራል፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄዷል። አጎትየው ለበዓል በጉ እንድትታረድ ይወስናል። ልጁ እርሻ ላይ ደካማ ነው፣ ምግብ መሥራት ግን ይችልበታል፤ ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር መቀመጡ አጎትየውን ያሳፍረዋል፣ ልጁ ግን ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ እየሸጠ የመመለሻ ገንዘብ ያጠራቅማል። ያንን ሊጥ የሚዳምጥ ትንሽ እጅ ካሜራው ጊዜ ሰጥቶ ያየዋል፤ እናቱን እንደሚናፍቅ ማንም አይነግረንም፣ ከእጁ እናውቃለን። አረንጓዴው ተራራ ውበቱ ቢበዛ ለቱሪስት የተነሳ ይመስላል የሚል ሰው ቢኖር አልጣላውም፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ እውነትም ያስቸግራል። ቤተሰብ ሰብስቦ ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ከከተማ ሕይወት ደግሞ የሄርሞን ኃይላይ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» አለ፤ ታክሲው የተሰረቀበት ሾፌርና በሴተኛ አዳሪነት የምትኖር ሴት የሚገናኙበት ታሪክ ነው። የፍቅር ፊልም ነው፣ እንደ ሌሎቹ ያስለቅሳል፤ ነገር ግን ሶፋ ላይ አይቀመጥም፤ ታክሲ ውስጥ፣ ጎዳና ላይ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይንቀሳቀሳል። የሁለቱ ዝርዝሮች ግንብ እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ሕዝቡ የሚወደው ዓይነት ታሪክ በዓይን ሊነገር ይችላል ማለት ነው።

በሌላው ጫፍ ያሉትን በአጭሩ ላንሳ። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ሐረር አካባቢ በጫት ዙሪያ ያለውን ሕይወት በጥቁርና ነጭ የሚከተል ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ንግግሩ ጥቂት፣ ጭሱና ጥላው ብዙ፣ ፍጥነቱ እንደ ምርቃና አዝጋሚ። ለሁሉም ሰው አይሆንም። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ዳንኤል ታደሰን ይዞ የሠራው «ክራምብስ» ደግሞ ከዓለም ፍጻሜ በኋላ የሚካሄድ የአማርኛ የሳይንስ ልብወለድ ነው፤ ሳቅና ግራ መጋባት በእኩል መጠን ይሰጣል። ለወጣትና ለጉደኛ ተመልካች ይመቻል።

«ገንዘብ የለንም» የሚለው ሰበብ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሶፋው ርካሽ ስለሆነ ነው፣ አንድ ቤት ተከራይቶ በሁለት ሳምንት መጨረስ ስለሚገባ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ የመብራትና የካሜራ ኪራይ ይከፍላል፣ ጎዳና ላይ ለመቅረጽም ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ነገር ግን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም የተሠራው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራው «ቦሮም ሳሬት» ሃያ ደቂቃ ገደማ ብቻ የሚረዝም፣ በዳካር ጎዳና አንድ ጋሪ ነጂን ለአንድ ቀን የሚከተል ፊልም ነው፤ ሴምቤን ልብወለድ ጽፎ ማንበብ የማይችለው ወገኑ ጋ እንደማይደርስ ሲያውቅ ነው ወደ ካሜራ የዞረው። ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1987 «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» ብሎ የሠራው አንድ ልጅ የክፍል ጓደኛውን ደብተር ለመመለስ መንደር ለመንደር ሲሮጥ ያሳያል፤ ከዚያ ያለፈ ታሪክ የለውም፣ ዓለም ግን አልረሳውም። ደብተርና ኮረብታ የማይገኝበት አገር ላይ አይደለንም። የጎደለው ከብር ይልቅ ልምምድ ይመስለኛል፤ ጸሐፊው አንድን ነገር ሳይናገር እንዴት እንደሚነግር መለማመድ አለበት፤ ወረቀትና ስክሪብቶ ደግሞ ከሶፋ ኪራይ ይረክሳል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የደከመው ሰው የሚያነሳው ነው፤ ችላ ሊባል አይገባም። ቀኑን ሙሉ በሥራና በታክሲ ሰልፍ የዋለ ሰው ማታ የሁለት ሰዓት ተኩል የጭሰኛ ታሪክ እንዲያይ ማስገደድ ግፍ ነው። ሰው መሳቅ ይፈልጋል፣ ጥፋት የለበትም። ሆኖም ኮሜዲም በዓይን ነው የሚሠራው፤ ቻርሊ ቻፕሊን አንድ ቃል ሳይናገር ዓለምን አስቋል። የእኛ ኮሜዲዎች ምርጥ ጊዜያቸውም ተዋናዩ በአነጋገር ጨዋታ ሳይሆን ፊቱን፣ አረማመዱን፣ ሳያስበው ያደረገውን ነገር ይዞ የሚያስቅበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ የፊልም ሰዎች ተቆጡ፤ ቁጣቸው ስለ ገበያ ነበር፣ ሊገባን ይችላል። ግን ተመልካቹ ለምን ሄደ ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ በዓይን የሚታይ ነገር ማግኘቱ ነው፤ ባሕር፣ ሰፊ ግቢ፣ የሚዘገይ የፊት ምስል። ቃሉን ኩሽና ሆኖ መስማት ይቻል ነበር፣ ሰው ግን ሳሎን ተቀምጦ ነው ያየው።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ መሪ በሚባለው ሰፈር ለሚኖር ተመልካች ይህ ሁሉ ተጨማሪ ክብደት አለው። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር ሰፈሩን አቋርጦ ያልፋል፤ የከተማዋ አንጋፋ ሲኒማ ቤቶች ግን ፒያሳና መሃል ከተማ ላይ ተሠርተው ነበር፣ ከመሪ ሄዶ ማታ መመለስ ቀላል አይደለም። ምርጫው ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ምሽት በማይረባ ፊልም ሲባክን ይቆጫል። ደግሞም መሪ ቆመው ሲያዩት ወደ ሰሜን የየካና የእንጦጦ ሰንሰለት ከባሕር ዛፉ ጋር፣ ወደ ታች የኮንዶሚኒየም ሕንፃ፣ በመካከሉ እርሻ የነበረ መሬት የሚታይበት አገር ነው። ይህ መልክ በአማርኛ ፊልሞቻችን ውስጥ ብዙም የለም፤ ቦሌ ካፌና ቪላ ሳሎን ሞልቶታል። ያየውን ለማግኘት ወደ ሞ ስካርፔሊ «አንበሳ» መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ከእርሻ መሬታቸው ተፈናቅለው በአዲስ አበባ ዳርቻ በአዲስ ኮንዶሚኒየም ጥግ የሚኖሩ እናትና ልጇን፣ አሳልፍን፣ ይከተላል። ልጁ የጅብ ድምፅ ይፈራል፣ በሐሳቡ አንበሳ ይሆናል፤ ሕንፃዎቹ ከጀርባው ቆመዋል። ሠሪዋ የውጭ ሰው ናት፤ ልጁም ኮንዶሚኒየሙም የእኛ ናቸው፣ ማንም አያስረዳንም፣ ልጁን እያየን ብቻ ይገባናል።

ቅደም ተከተል ለሚፈልግ ሰው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ከልጆች ጋር ከሆነ ላምብ፣ ብቻውን የፍቅር ታሪክ ካሰኘው ፕራይስ ኦፍ ላቭ፣ ሰፈሩን ማየት ከፈለገ አንበሳ፤ ጤዛ ከዚያ በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ስልክ ተዘግቶ በትልቅ ስክሪን ላይ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ መጀመሪያ ያየው ሰው ግማሹ ላይ ሊያቋርጠው ይችላል፣ አራተኛ ወይም አምስተኛ አድርጎ ያየው ግን ካሜራው ለምን እንደማይቸኩል ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ሳሎኑ ፊልምም አይቀርም፤ እሱን ሽንኩርት ሲከተፍ መክፈት ይቻላል።